ልደታ ደብዳቤ የሚጽፉትን እትዬን ላመስግን

ይሄን ስጽፍ የሥራ ልምድ ማስረጃዬ ፊት ለፊቴ ጠረጴዛው ላይ ነው። ማህተሙ ሙሉ ነው፤ የአባቴም ስም ሳይሳሳት ተጽፏል። ከሁለት ወር በፊት ይሄን ወረቀት በሰላም እቀበላለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። እዚህ ያደረሱኝ ልደታ፣ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ማመልከቻና ደብዳቤ የሚጽፉ አንዲት እናት ናቸው። ደንበኞቻቸው እትዬ ነው የሚሏቸው። ስማቸውንና ስልካቸውን አደባባይ እንዳላወጣ ለምነውኛል፤ ቃሌን እጠብቃለሁ። ማመስገኑን ግን አልተውም።

በአንድ የግል ድርጅት 6 ዓመት በገንዘብ ያዥነት ሠርቻለሁ። እናቴ ስትሮክ መትቷት አልጋ ስትይዝ ለቤታችን የሚቀርብ ሥራ ፈለግኩ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ተገኘ። ቀርቶ የነበረው አንድ መልቀቂያ ደብዳቤ ብቻ ነው። ቀላል መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። ልጁ «ይሄማ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ አለ» ብሎ ስሜን ቀየረና አተመልኝ። 150 ብር ከፈልኩ። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ደብዳቤውን ፊቴ ስታነብ ሦስተኛው መስመር ላይ ቆመች። የማላውቀው ድርጅት ስም ነበር፤ ከእኔ በፊት ያጻፈው ሰውዬ መሥሪያ ቤት ነው ለካ። ያን ቀን የተሰማኝን እፍረት አልረሳውም።

አስተካክዬ፣ ከሰው የተዋስኩትን አጻጻፍ ተከትዬ፣ «እንዲፈቀድልኝ በትህትና እጠይቃለሁ» ብዬ ድጋሚ አስገባሁ። ሁለት ሳምንት ዝም አሉኝ። ከዚያ በቃል «አልተፈቀደልሽም፤ ተተኪ እስኪገኝ ትጠብቂያለሽ» ተባልኩ። እስከ መቼ? መልስ የለም። አዲሱ ቦታ በየቀኑ መቼ ነው የምትጀምሪው እያለ ይደውላል።

በመጨረሻ ሕግ አውቃለሁ የሚል ሰው 1,500 ብር ተቀብሎኝ ሦስት ገጽ ጻፈልኝ። ያለቀስኩበትን ሁሉ፣ አለቃዬ የተናገረኝን ሁሉ፣ ዛቻም ጨምሮበት። «ይሄን ሲያዩ ይደነግጣሉ» አለኝ። ሲነበብልኝ ደስ አለኝ፤ ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ያንን ወረቀት በቦርሳዬ ይዤ ነው እትዬ ጋ የሄድኩት። የጠቆመችኝ ጎረቤታችን ናት። እትዬ ድሮ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው ይሄን ሥራ የጀመሩት። ሦስቱንም ገጽ ቀስ ብለው አነበቡ። መነጽራቸውን አወለቁና «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ደርሶብሻል?» አሉኝ። አለቀስኩ። ወረፋ የያዙ ሰዎች ነበሩ፤ እሳቸው ግን አላጣደፉኝም። ውሃ ቀድተው ሰጡኝ። ስጨርስ ወረቀቱን አጥፈው መልሰው በእጄ አስያዙኝ።

«ይሄ እውነት ነው፤ ግን ፋይልሽ ውስጥ አይገባም። ነገ የሥራ ልምድሽን የሚፈርመው ይኸው ሰውዬ ነው። ክስ ካለሽ ክስ ሌላ ነው፤ ይሄ መልቀቂያ ነው» አሉኝ።

ሁለተኛውን ደብዳቤዬንም አሳየኋቸው። ጣታቸውን «እንዲፈቀድልኝ» የሚለው ቃል ላይ አሳረፉ።

«ልጄ፣ ለመልቀቅ ማንን ነው የምታስፈቅጂው? ይፈቀድልኝ ስትያቸው አልፈቀድንም አሉሽ። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ይለቃል፤ አዋጁ ነው እንዲህ የሚለው።»

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ማለታቸው ነው። አንቀጾቹን እየገለጡ አሳይተውኛል፤ የሕጉን ዝርዝር ለእሳቸው ልተወው። እኔን የለወጠኝ ያቺ ቃል ናት። «ጉዳዩ፦ ሥራ መልቀቄን ስለማሳወቅ» ብለው ጀመሩ። ስለመጠየቅ ሳይሆን ስለማሳወቅ! 6 ዓመት ሙሉ ለምኜ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያቺን መስመር ሳነብ ወገቤ ቀና አለ።

ደብዳቤው ስድስት መስመር ብቻ ነው። ስድብ የለው፣ ልመና የለው። ግድግዳው ላይ ካለው ካላንደር በእርሳስ 30 ቀን ቆጥረው የመጨረሻ የሥራ ቀኔን ጻፉበት። በእጄ ያለውን ገንዘብና ሰነድ ቆጥሬ እንደማስረክብ፣ ያልተጠቀምኩበት የዓመት ፈቃድ ታስቦ ከቀሪ ደሞዜ ጋር እንዲከፈለኝ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃም እንዲሰጠኝ ጨመሩበት። መጨረሻ ላይ አብረን ለሠራንበት ጊዜ አመሰግናለሁ አሉልኝ። እሱ ጋ ፊቴን ሳኮሳትር አይተው «ይሁን ልጄ፣ ለራስሽ ስትይ» አሉኝ።

ሁለት ኮፒ አወጡና አስጠነቀቁኝ። «አንዱን ለመዝገብ ቤት ስጪ። ሁለተኛው ላይ ቀን፣ ገቢ ቁጥርና ማህተም ሳታስመቺ ከዚያ ክፍል እንዳትወጪ።» ሒሳቡ 80 ብር ነበር። ጨምሬ ብሰጥ እምቢ አሉ።

እንዳሉኝ አደረግኩ። 28ኛው ቀን ላይ አለቃዬ ጠርቶኝ «ምን ደብዳቤ? የደረሰኝ ነገር የለም» አለ። ከቦርሳዬ ቀሪዋን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ሐምራዊዋ ማህተም፣ ቀኑ፣ ገቢ ቁጥሩ። ደጋግሞ አያት። «እሺ፣ ርክክብ ጀምሪ» ብቻ ነው ያለኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ወጣሁ፤ እትዬን አንስቼ ያልመረቅኩት ምርቃት የለም። ክፍያ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት ብለውኝ ነበር፤ በአምስተኛው ገባልኝ።

ቅዳሜ ድፎ ዳቦ ይዤላቸው ሄድኩ። ዳቦውን ሳይሆን መጀመሪያ የሥራ ልምዱን ነው የተቀበሉኝ። የሥራዬን ዓይነት፣ የጀመርኩበትንና የለቀቅኩበትን ቀን፣ ደሞዜን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። «እሰይ!» አሉ። ቀጥለው «እናትሽስ? እጇን ማንቀሳቀስ ጀመረች?» አሉኝ። ያን የነገርኳቸው አንዴ ብቻ ነው፣ ያውም እያለቀስኩ።

እባካችሁ፣ ሥራ ልትለቁ ያሰባችሁ፣ መልቀቂያ ተከልክላችሁ የተቀመጣችሁ፣ እሳቸው ጋ ሂዱ። የተዘጋጀ ወረቀት ላይ ስማችሁን አስቀይራችሁ አትውጡ። ተናዳችሁ የጻፋችሁትንም ሳታሳዩዋቸው አታስገቡ። የቅጥር ውላችሁን ያዙ፤ ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ወረፋ ይበዛል። ቦታው ለጠፋባችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እነግራችኋለሁ። ካስፈለገም ራሴ ይዣችሁ እሄዳለሁ።

እትዬ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ። እናቴም ሰላም ብላዎታለች፤ የቀኝ እጇ ትናንት ብርጭቆ ያዘ።