ስታር ትራከሩን ድሬ ላይ 9 ወር ተጠቅሜበት ያየሁት

ከመስከረም መጨረሻ እስካሁን ሰኔ ድረስ ትራከሩ ከእጄ አልወጣም። ለማታውቁት ትራከር ማለት ትራይፖዱና ካሜራው መሃል የሚገባ፣ ካሜራውን ከሰማዩ ጋር እኩል ቀስ እያለ የሚያዞር ትንሽ ሞተር ነው። ምድር በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ አንዴ ስለምትዞር ኮከቦቹ ከሌንሱ ፊት ይሸሻሉ። እኔ ያለኝ ያገለገለ ዲኤስኤልአር (ሌንሱ የሚቀያየር ካሜራ) እና 135 ሚሜ ሌንስ ነው፣ ያለ ትራከር ከ2 ሰከንድ በላይ ሸተሩን ከከፈትኩ ኮከቡ ነጥብ መሆኑ ይቀርና ሰረዝ ይሆናል። አሁን 60 ሰከንድ ያለ ችግር እሄዳለሁ፣ ሰሜኑን በደንብ የያዝኩ ቀን 90ም ሄጃለሁ።

ሰሜኑን የያዝኩ ቀን ያልኩት ላይ ነው ጉዳዩ ሁሉ ያለው። ሞተሩ የሚዞርበት ዘንግ ወደ ሰማይ ሰሜን ምሰሶ፣ ማለትም ሰማዩ ዙሪያውን የሚዞር ወደሚመስልበት ነጥብ ማመልከት አለበት፣ ለዛ ደሞ አጠገቡ ያለችውን የሰሜን ኮከብን ትራከሩ ላይ ባለችው ትንሽ መነጽር ታገኛላችሁ። ቪዲዮ ላይ የሚያስተምሩት ሰዎች ያሉበት አገር ኮከቧ 40 እና 50 ዲግሪ ከፍ ብላ ነው የምትቆመው፣ ድሬ ግን ከምድር ወገብ በሰሜን 9.6 ዲግሪ ላይ ብቻ ስለሆነች እኛ ጋ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጡጫ ብታደርጉ ከአድማስ አንድ ጡጫ ያህል ናት በቃ። ሳቢያን ቤታችን ጣራ ላይ ሆኜ ሁለት ሳምንት ፈልጌ አጣኋት፣ ለካ የጎረቤት የውሃ ታንከር ነው የጋረዳት። ከከተማ ወጣ ብዬ በመልካ ጀብዱ በኩል ስሞክር ደሞ ሰሜኑ ሜዳ ነው ክፍት ነው፣ ግን ከቆላው የሚነሳው አቧራ ይውጣታል።

መላው የተገኘው ህዳር ላይ ነው። ኦሪዮን በሚባለው የኮከብ ስብስብ ቀበቶ ላይ ካሉት ሦስት ኮከቦች አንዷ ሚንታካ የምትባለው የሰማይ ወገብ (የምድር ወገብ ሰማይ ላይ ሲዘረጋ የሚሆነው መስመር) ላይ ናት ማለት ይቻላል፣ እሷ አናት ላይ ስትደርስ ሌንሱን አነጣጥሬ 3 ደቂቃ ክፍት እተወዋለሁ፣ ወደ ደቡብ ከተሳበች ዘንጉ ወደ ምስራቅ አምልጧል ማለት ነው፣ ወደ ምዕራብ ትንሽ እነካውና እደግመዋለሁ። አንድ ሰዓት ይበላል፣ ግን አቦ የሰሜን ኮከብ ባትታይም ይሰራል!

የኦሪዮን ኔቡላን (ኔቡላ ማለት ህዋ ላይ ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና ነው)፣ ኤም 42ን፣ ታህሳስ ላይ 120 ፎቶ በ60 ሰከንድ አንስቼ ሲሪል ላይ ስታክ አደረግኩት፣ ማለትም ፎቶዎቹን ደራርቤ አንድ አደረግኳቸው፣ ሲሪል በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር ነው። ክንፎቹ ግራና ቀኝ ተዘርግተው ሲወጡ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እናቴን ቀስቅሼ ነው ያሳየኋት። 1,300 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል፣ ስፋቱ ጨረቃን ሁለት ጊዜ ጎን ለጎን ብታስቀምጡ ነው። መሃሉ በጣም ብሩህ ስለሆነ በ60 ሰከንድ ነጭ ሆኖ ይቃጠላል፣ ትራፔዚየም የሚባሉትን አራት ኮከቦች ለማዳን የ5 ሰከንድ ፎቶዎችም ለየብቻ አንስታችሁ ማዋሃድ አለባችሁ።

መጋቢት ላይ ካሪና ኔቡላ። ለኛ የተሰጠን ይሄ ነው ብዬ ነው የማምነው፣ አውሮፓ ያለ ሰው እኮ ይሄን በፍፁም አያየውም። እኛ ጋ ከፍ ሲል ከደቡብ አድማስ 20 ዲግሪ ይደርሳል፣ ስፋቱ የጨረቃን አራት እጥፍ ነው። ችግሩ ድሬ ደቡቡ ተራራ ነው፣ ስለዚህ ደንገጎን ወጥቼ ሐረማያ አጠገብ ዘመድ የጫት ማሳ ውስጥ ነው ያነሳሁት። ዘበኛው ጋሼ መጀመሪያ ላይ ከሩቅ ቆመው ያዩኝ ነበር፣ ስክሪኑን ሳሳያቸው «ልጄ ይሄ እዛ ጨለማው ውስጥ ነበር?» አሉና ከዛ በኋላ ጅብ ሲጮህ ባትሪያቸውን ይዘው አጠገቤ ሆነው አደሩ። እዛ ጤዛ አለ፣ ሌንሱን ጉም ይሸፍነዋል፣ ድሬ ላይ ይሄን አይቼ አላውቅም።

ድሬ ላይ ያለው ሙቀት ነው። ግንቦት ላይ ሌሊቱ ራሱ ስለሚሞቅ ካሜራው ውስጥ ብርሃኑን የሚቀበለው ሴንሰር ይግላል፣ ፎቶው ላይ ቀይና ሰማያዊ ነጥብ ይረጫል። ክዳኑን ገጥማችሁ በዛው ሌሊት በዛው ሙቀት 20፣ 30 ዳርክ ፍሬም፣ ማለትም ነጥቦቹን ከፎቶው ለመቀነስ የሚያገለግል ጨለማ ፎቶ አንሱ፣ ጠዋት ቤት ገብታችሁ ያነሳችሁት አይጠቅምም። ቀለሙም ደካማ ነው፣ የኔቡላው ቀይ ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ 656 ናኖሜትር ነው፣ ተራ ካሜራ ውስጥ ያለው ፊልተር አብዛኛውን ይቆርጠዋል። ፊልተሩን ማስወጣት ይቻላል፣ እኔ ካሜራዬን ማስከፈት ስለፈራሁ እስካሁን አላደረግኩትም።

ትራከሩ ራሱ? ሞተሩ ላይ ቅሬታ የለኝም። ዘንጉን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ማዘንበያ ብሎን ግን ሦስተኛው ወር ላይ መንሸራተት ጀመረ፣ ጋራዥ ያለ ጓደኛዬ ወፍራም ዋሸር ጨመረበትና ቆመ። ሌላው ፓወር ባንክ ነው፣ ትራከሩ የሚስበው ትንሽ ስለሆነ ፓወር ባንኬ ምንም ያልተሰካበት መስሎት መሃል ላይ ይጠፋል፣ ስልክም አብሬ ስሰካበት ነው መጥፋቱን ያቆመው። እኛ ጋ ዘንጉ ሊጋደም ትንሽ ስለሚቀረው ሚዛን መጠበቂያው ክብደት የትራይፖዱን እግር ይመታል፣ አንዱን እግር ወደ ደቡብ አድርጋችሁ ሁለቱን በሰሜን በኩል ከፈት ካደረጋችኋቸው መሃላቸው ያልፋል።

ድሬም ሐረርም ሆናችሁ ለመግዛት ያሰባችሁ፣ ሻጩን መጀመሪያ የምትጠይቁት ማዘንበያው እስከ 9 ዲግሪ ይወርዳል ወይ ብላችሁ ነው። 15 ወይም 20 ላይ የሚቆሙ አሉ፣ እነሱ ለኛ አይሆኑም።