«የዓይን ሥጋ የሚያሟሟ» ጠብታ እንዳትገዙ! እኔ ለእማዬ ገዝቼ ተቃጥያለሁ

ከሐኪም ቤት ከተመለስን ሁለት ሰዓት አልሞላም። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

እማዬ ዓይኗ ላይ ሥጋ ከበቀለ ቆይቷል። በአፍንጫዋ በኩል ተነስቶ ወደ ጥቁሩ የሚገፋ፣ ቀያይ ሥር ያለው ነገር ነው። ብዙዎቻችሁ እናት አባታችሁ ላይ አይታችሁታል። ዕድሜዋን ሙሉ ፀሐይና አቧራ ላይ ጉሊት ተቀምጣ ነው ያሳደገችን። ቀዶ ጥገናውን ፈራች፣ እኔም ፈራሁላት።

ሻጯን ታውቋታላችሁ። ቴሌግራም ላይ «በፊት» እና «በኋላ» እያለች ፎቶ የምትለጥፈዋ፣ ዋጋ ሲጠየቅ «ኢንቦክስ» የምትለዋ። ክፍያ ቀድሞ በቴሌብር፣ ዕቃው በሞተር። አንዱ ብልቃጥ 2,400 ብር። «ሦስቱን ካልጨረሰች አይሟሟም፣ የኔ ማር» አለችኝ። 7,200 ብር ላክሁ።

በሳምንቱ ቅላቱ ጠፋ። እውነቴን ነው፣ ነጣ። ደስታዬን አልቻልኩትም። «እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ የእማዬ ዓይን ነጣ!» ብዬ በድምፅ ላክሁላት። ወዲያው ድምፄን ቻናሏ ላይ ለጠፈችው።

ሦስተኛው ብልቃጥ ሊያልቅ ሲል እማዬ «ልጄ፣ ጭጋግ ጭጋግ ይለኛል፤ ግንባሬንም ይወቅረኛል» አለች።

ዛሬ ጠዋት ዶክተሩ ብልቃጡን ተቀብሎኝ መብራት ላይ አዟዟረው። ወርቃማ ወረቀት ተለጥፎበታል፣ ቅጠል ተስሎበታል፣ «ተፈጥሯዊ» ይላል። ጠርዙን በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገና ሳበው። ከሥሩ ሌላ ወረቀት ወጣ። ጎንበስ ብሎ አነበበና ምንም ሳይናገር ወደ እኔ አዞረልኝ። ዴክሳሜታዞን ይላል። ስቴሮይድ የሚባል፣ ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት ነው።

«እናቴ፣ ይህን ስንት ጊዜ ተጠቀሙ?»

እማዬ በጣቷ ቆጠረች። «ሦስት ወር ሊሞላኝ ነው።»

የዓይኗ ግፊት 34 ሆኖ ተገኘ። ጤነኛው ከ10 እስከ 21 ነው። ስቴሮይድ ያለ ክትትል ሲቆይ ግፊቱን ሽቅብ ይሰደዋል፣ የዓይን ሞራም ያመጣል። ግፊቱ ነርቩን ጎድቶ ግላኮማ ካስከተለ ደግሞ የጠፋው እይታ አይመለስም።

ሥጋውስ? እዚያው ነው፣ አልተነቃነቀም። ዶክተሩ እንዳስረዳኝ ጥቁሩን የሚሸፍነው ኮርኒያ ጥርት ያለ መስታወት የሚመስለው የደም ሥር ስለሌለው ነው፤ የሚመገበው ከእንባና ከውስጥ ካለው ፈሳሽ ነው። ሥጋው ግን የራሱን የደም ሥር እያበቀለ ይገባበታል።  ስቴሮይዱ ቁጣውን አብርዶ የደም ሥሮቹን ሲያከስማቸው እኛ «ዳነ» እንላለን። እኔ የከፈልኩት ለዚያ ንጣት ነው። ሦስት ወር ሙሉ ጠዋት ማታ በገዛ እጄ ያንጠባጠብኩላት እኔ ነኝ፤ እሷ ደግሞ ልጄ ነች ብላ ቀና ብላ ዓይኗን ትከፍትልኛለች። ይህን ማሰብ አልቻልኩም።

ከሐኪም ቤቱ ግቢ ሳልወጣ ለሻጯ ደወልኩላት። «እናትሽ አርጅታለች እኮ፣ ዓይን ያረጃል። አንቺ ራስሽ አመስግነሽኝ የለ?» አለችና ዘጋችው። ከዚያ ብሎክ አደረገችኝ።

ይህን ሥጋ የሚያሟሟ ጠብታ የለም። ማየት ከጋረደ ወይም ወደ ብሌኑ ከተጠጋ መፍትሔው ቀዶ ጥገና ነው፤ ተመልሶ እንዳይበቅል ከዚያው ከዓይን ነጩ ስስ ሽፋን ተወስዶ ቦታው ላይ ይተከላል። እንዲህ ያለ ጠብታ ጀምሮ የነበረ ሰው ካለ ብልቃጡን ይዞ ዛሬውኑ የዓይን ሐኪም ጋ ይሂድና ግፊቱን ይለካ።

ድምፄን እንድታጠፋው በእህቴ ስልክ ጽፌላት ነበር። አይታዋለች፣ አልመለሰችም። ቻናሏ ላይ «የእማዬ ዓይን ነጣ» የምትል የሴት ድምፅ ከሰማችሁ እኔ ነኝ። አትመኗት።