የጉልበት ኦፕሬሽን ላደረጋችሁ፦ የ24 ቀጠሮ «ፓኬጅ» ከመግዛታችሁ በፊት

የጉልበት ጅማታችሁ (ኤ.ሲ.ኤል የሚሉት) ተበጥሶ ኦፕሬሽን ያደረጋችሁ ወይም ቀን የምትጠብቁ ካላችሁ፣ ይህን ሳታነቡ ለማንም የማገገሚያ ሕክምና (ፊዚዮቴራፒ) ቤት ቅድሚያ እንዳትከፍሉ። እኔ 28,800 ብር ከፍዬ ነው የተማርኩት።

አጎዳዴ የተለመደው ዓይነት ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰው ሠራሽ ሳር ላይ፣ ማንም ሳይነካኝ ዞር ስል ጉልበቴ «ቋ» አለ። ሁለት ሳምንት እብጠትና የጎረቤት «ወጌሻ ይየው» ውትወታ፣ ከዚያ ኤም.አር.አይ። ሚያዝያ ላይ ከጭኔ ኋላ ጅማት ተወስዶ አዲስ ተሠራልኝ። በኦፕሬሽኑ ቅሬታ የለኝም። ሐኪሙ የእንቅስቃሴ ሥዕሎች ያሉበት ወረቀት ሰጥቶኝ «ዋናው ሥራ ገና አሁን ነው የሚጀመረው» አለኝ። ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩና ቤቴ ገብቼ ቲክቶክ ከፈትኩ።

የአንድ ማገገሚያ ቤት ማስታወቂያ «በ3 ወር ወደ ሜዳ!» ይላል። ደወልኩ። በሳምንት 3 ቀን፣ ለ8 ሳምንት፣ በድምሩ 24 ቀጠሮ። አንዱ 1,500 ብር ነው፣ ሁሉንም በአንዴ ለከፈለ ግን 20 ከመቶ ቅናሽ። በቴሌብር ላኩ። ደረሰኝ ስጠይቅ «ወንድሜ፣ መጨረሻ ላይ ይዘጋጅልሃል» አሉኝ። ገንዘቡ የገባው በድርጅቱ ስም ሳይሆን በአንድ ግለሰብ ስም እንደሆነ ያየሁት በኋላ ነው።

ቀጠሮው እንዲህ ነበር፦ መተኛት፣ ትኩስ ፎጣ፣ ጭኔ ላይ አራት ላስቲክ ለጥፎ ማሽን ማብራት፣ ሃያ ደቂቃ መነዘር፣ ከዚያ በቅባት ማሸት፣ ከዚያ «በርታ!» እና ስንብት። ሁለት ጊዜ እንቅልፍ ወስዶኛል። ቆይ፣ ደስ አይልም ነበር ልል አይደለም። እጅግ ደስ ይላል፣ ሕመሙም ቀለል ይላል። ስለዚህ እየዳንኩ መሰለኝ።

የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። አምስተኛው ሳምንት ላይ፣ 15 ቀጠሮ ጨርሼ፣ ደረጃ ስወርድ አሁንም ብረቱን ሙጭጭ አድርጌ እንደ ሕፃን አንድ በአንድ ነበር። እማዬ ልብስ ሰፊ ናት። «እግርህ እኮ ሟሟ» ብላ ሜትሯን አመጣች። ከጉልበት ሎሚ በላይ 15 ሴንቲ ሜትር ለክተን ምልክት አደረግንና ሁለቱንም ጭን ዙሪያውን አየን። ልዩነቱ 4 ሴንቲ ሜትር! ከፍዬ ለአምስት ሳምንት ያህል የተመላለስኩበት ቦታ ይህን ሜትር ጭኔ ላይ አንድ ቀን አሳርፎ አያውቅም።

በማግስቱ ሆስፒታል ውስጥ የምትሠራ ፊዚዮቴራፒስት ጋ ሄድኩ። እጇን ከጉልበቴ ሥር አስገብታ «ወደ ታች ተጫነኝ» አለች። ተጫንኩ፤ የጭኔ ፊት ጡንቻ ግን ንቅንቅ አላለም። አእምሮዬ ያዝዛል፣ እግሬ አይሰማም። ምክንያቱን ስትነግረኝ ገባኝ፦ ጉልበት ሲያብጥና ሲቆስል፣ ነርቮቹ ራሳቸው ያንን ጡንቻ እንዳይሠራ ያፍኑታል። ስለዚህ መጀመሪያ እብጠቱ መውረድ፣ ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ መዘርጋት፣ ጡንቻው ደግሞ በራሱ መኮማተርን እንደገና መልመድ አለበት። የእኔ ጉልበት ገና ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም ነበር። ያ ደግሞ ቶሎ ካልታረመ ጠባሳው ጠጥሮ ሌላ ኦፕሬሽን ሊያስከትል እንደሚችል ስትነግረኝ ላብ አሰመጠኝ።

ስለ ማሽኑም ጠየቅኳት፤ ፍርድ እንዳላጓድል ነው። ኤሌክትሪክ ውሸት አይደለም። ግን ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ቴንስ የሚባለው ነው፤ ይነዝራል፣ ሕመም ያስታግሳል፣ ጡንቻ አያሳድግም። ሌላው ጡንቻውን በግድ የሚያኮማትረው ነው፤ ጭናችሁ በዓይን እየታየ ድርቅ ይላል፣ እናንተም አብራችሁ ትገፋላችሁ፣ ከኦፕሬሽን በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት እውነትም ይረዳል። በዚህኛው እንቅልፍ አይወስድም! የእኔ የቱ እንደነበር አልነግራችሁም።

ከዚያ ወዲህ በሁለት ሳምንት አንዴ ነው የማያት፣ በየቀጠሮው 700 ብር። ቀሪው ሥራ የራሴ ነው። ተረከዝ ሥር ፎጣ ጠቅልሎ ጉልበት መዘርጋት፣ እግር ቀጥ አድርጎ ማንሳት፣ የማይንቀሳቀስ ብስክሌት፣ ቁጭ ብድግ፣ ደረጃ መውጣትና መውረድ፣ ቀጥሎ ጂም ገብቶ ሌግ ፕሬስ (ተቀምጦ ክብደት በእግር መግፋት)፣ ከዚያ ሁሉንም በአንድ እግር። ቤት ውስጥ ክብደቴ ጀሪካን ነው፤ አምስት ሊትር ውኃ አምስት ኪሎ ነው፣ ማንም አያጭበረብረኝም። መቼ እንደሚጨመር የምትወስነው ግን እሷ ናት፣ ምክንያቱም አዲሱ ጅማት የራሱ የጊዜ ሰሌዳ አለው።

ማስታወቂያው አደገኛ የሚሆነውም በዚሁ ነው። የተተከለው ጅማት መጀመሪያ ይዳከማል፣ ከዚያ ነው ቀስ እያለ የሚጠነክረው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር፣ ሕመሙ ጠፍቶ «ድኛለሁ» በምትሉበት ጊዜ፣ እሱ ገና ደካማ ነው። «ለውጥ የለም» ብዬ ሳማርር እነዚያ ሰዎች ያቀረቡልኝ መፍትሔ ምን መሰላችሁ? ተጨማሪ ክፍያ ያለው «የኳስ ተጫዋች ፓኬጅ»፣ በ3ኛው ወር ሩጫና ዝላይ! እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የኖርዌይና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት፣ እስከ 9ኛው ወር ድረስ ወደ ሜዳ መመለሱ በአንድ ወር በዘገየ ቁጥር ዳግም የመጎዳት አደጋው በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ወሩም ብቻውን አይበቃም፤ የተጎዳው እግር በጥንካሬና በአንድ እግር ዝላይ ፈተና የጤነኛውን ቢያንስ 90 ከመቶ መድረስ ይጠበቅበታል። የሊቨርፑሉ ቫን ዳይክ በጥቅምት 2020 እ.ኤ.አ. ከኤቨርተን ጋር ሲጫወት ይኸው ጅማት ተጎድቶበት የተመለሰው በሐምሌ 2021 ለወዳጅነት ጨዋታ ነው፣ የአውሮፓ ዋንጫም አምልጦታል። እሱ በዚያ ሁሉ ሐኪም ያልቻለውን እኔ በትኩስ ፎጣ በ3 ወር?

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፦ ጭኔን መቼ መቼ ትለካላችሁ? የማነሳውን ክብደት የሚጨምርልኝ ማን ነው፣ የሥራ ፈቃዱስ የት አለ? ከሐኪሜ ጋር ትነጋገራላችሁ? ባቋርጥ ገንዘቤ ይመለሳል? ፊታቸው ከጠቆረ ውጡ። ባት አብጦ ካመማችሁ ወይም ትንፋሽ ካጠራችሁ ደግሞ የደም መርጋት ሊሆን ይችላልና ማሳጅ ቤት ሳይሆን ድንገተኛ ክፍል ነው መሄጃው።

የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምንገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶናል። ለንግድ ቢሮ አቤት ልል ስነሳ ግን በእጄ ያለው የቴሌብር መልእክት ብቻ ነው፣ ያውም የግለሰብ ስም ያለበት። ደረሰኝ ሳትይዙ ከባንኮኒው አትላቀቁ።

አሁን ስድስት ወር ሆኖኛል። የጭኔ ልዩነት ወደ 1.5 ሴንቲ ሜትር ወርዷል፣ ደረጃውን ብረት ሳልይዝ እወርዳለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለጓደኞቼ ውኃ አቀብላለሁ። ያልተጠቀምኩባቸውን የ9 ቀጠሮዎች 10,800 ብር ስጠይቅ «ገንዘብ አይመለስም፣ ለዘመድህ ማስተላለፍ ትችላለህ» አሉኝ። ጉልበቱ የተበጠሰ ዘመድ የለኝም፤ ቢኖረኝም አልልክላቸውም።