ተለጣፊው «አይ7» ይላል፣ ውስጡ ግን ሌላ ነው፦ ትንንሽ ኮምፒውተር የምትገዙ ተጠንቀቁ

አነስተኛ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። አሮጌው ኮምፒውተሬ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። መብራት ሲሄድ ደግሞ ዩፒኤሱ አምስት ደቂቃ እንኳ አይይዘውም፤ የደንበኛ ማመልከቻ እኩል ላይ ድርግም ይላል። ስለዚህ እነዚያን በአንድ እጅ የሚያዙ ትንንሽ ኮምፒውተሮች ቴሌግራም ላይ ሳይ ልቤ ሸፈተ። «ኮር አይ7፣ 8 ጊጋባይት ራም፣ 256 ኤስኤስዲ፣ አዲስ» ይላል። ኮር አይ7 የኢንቴል ኩባንያ ኃይለኛ ፕሮሰሰር፣ ማለትም የኮምፒውተሩ አንጎል ነው፤ ራም የሥራ ማስታወሻው፣ ኤስኤስዲ ደግሞ የፋይል ማስቀመጫው ነው። 26 ሺህ ብር! ዋጋው ሊያስጠረጥረኝ ሲገባ አስደሰተኝ።

ሱቁ ድረስ ሄድኩ። ሻጩ ትሑት ልጅ ነው፤ ሻይ አስመጣልኝ። ማሽኑን ከፍቶ የዊንዶውስን የመረጃ ገጽ አሳየኝ፤ እውነትም «ኮር አይ7» ይላል። ፊቱ ላይም ሰማያዊ ተለጣፊ አለበት። ከፍዬ ወጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ቃለ ጉባኤ ስጽፍ፣ ፋይሎቹ በዛ ሲሉ ፊደሉ ከጣቴ ወደ ኋላ ይቀር ጀመር። ኮምፒውተር የሚጠግነውን የእህቴን ልጅ ጠራሁት። እርሱ ዊንዶውስን ምንም አልጠየቀም። አጥፍቶ አበራውና ዊንዶውስ ሳይነሣ የዴሊትን ቁልፍ እየደጋገመ ተጭኖ ባዮስ ውስጥ ገባ፤ ባዮስ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው፣ የማሽኑን ዕቃዎች የሚያሳየው የማሽኑ የራሱ ገጽ ነው። «ጋሼ፣ ይኸውልዎት» አለኝ። የተጻፈው «ሴሌሮን ጄ4125» ነው፤ ከኢንቴል ርካሽና ደከም ካሉት ፕሮሰሰሮች አንዱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዊንዶውስ የፕሮሰሰሩን ስም የሚያሳየን ሬጂስትሪ ከሚባለው የራሱ መዝገብ አንብቦ ነው፤ መዝገቡ ላይ ያለው ስም ደግሞ ሊቀየር ይችላል። በእኔው ማሽን ላይ በተነሣ ቁጥር የሐሰቱን ስም መልሶ የሚጽፍ ትንሽ ፕሮግራም ተቀምጦበት ነበር። ዊንዶውስን እንደ አዲስ ስንጭንበት አይ7ቱ ከነሞገሱ ጠፋ። ራሙና ኤስኤስዲው እንደተባለው ናቸው፤ ሻጩ የዋሸኝ በዋናው ብቻ ነው።

ጄ4125ን ለማጣጣል አይደለም። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው፣ በ10 ዋት የሚሠራ ባለ አራት ኮር ፕሮሰሰር ነው፤ ለደብዳቤ ይበቃል። ዩፒኤሱም አሁን ግማሽ ሰዓት ያህል ይይዘዋል። በስሙና በዋጋው ቢሸጥልኝ ምን ገዶኝ! የሴሌሮን ዕቃ በአይ7 ስም መግዛቴ ነው ያንገበገበኝ።

ከቢሮ የወጡ ያገለገሉ ትንንሾችም አሉ፦ የዴል ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ፣ የኤችፒ ኤሊትዴስክ ሚኒ፣ የሌኖቮ ቲንክሴንተር ታይኒ። ጠንካራ ዕቃዎች ናቸው፤ እኔም መጀመሪያ እነርሱን ባየሁ ኖሮ። እዚያ ግን ወጥመዱ ዕድሜ ነው። «አይ5-6500ቲ» ከተባላችሁ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው 6 የፕሮሰሰሩን ትውልድ ይናገራል፣ ቲ ደግሞ ባለ 35 ዋቱን ቆጣቢ ዓይነት ያመለክታል። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው የኢንቴል ኮር ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያለውን ነው፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 2018 ዓ.ም. ላይ አብቅቷል። ስድስተኛ ትውልድ አይ7 እውነተኛ አይ7 ሆኖ ሳለ ሊያስቆጫችሁ ይችላል። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ባለ 6 ዋቱ የኢንቴል ፕሮሰሰር ኤን100 ስሙ ባያምርም ለዕለት ሥራ ከብዙ አሮጌ አይ5 አያንስም።

ወደ ሱቁ ተመለስኩ። «አይተው፣ ነክተው ነው የገዙት» አለኝ፤ በዚህኛው ቀን ሻይ አልነበረም። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። እኔም ደረሰኝ አለኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነበር። አውጥቼ ሳነበው ግን «ኮምፒውተር — 1» ከሚል በቀር አንድ ፊደል የለበትም። አይ7 ብሎ ስለመሸጡ በምን ላስረዳ? እናንተ ብር ከመላካችሁ በፊት ባዮሱን በዓይናችሁ እዩ፤ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ቁጥር፣ የራሙንና የኤስኤስዲውን መጠን፣ የማሽኑን መለያ ቁጥር ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። አልጽፍም ካለ ትታችሁት ውጡ። የማስታወቂያውን ገጽ ፎቶም አስቀሩ፤ እኔ አላስቀረሁም።

ማስታወቂያው ዛሬም አለ። ፎቶው ያው ነው፤ ዋጋው ብቻ 2 ሺህ ብር ጨምሯል።