አፕዴቱ የተካተተበት የዊንዶውስ መጫኛ፦ ተገዝቶ፣ ወርዶ ወይስ በእጅ ተሠርቶ?

ከመካነ ሰላም ወይም ከወገል ጤና ላፕቶፑን ደሴ ድረስ አምጥቶ ፎርማት የሚያስደርግ ደንበኛ፣ ቤቱ ሲመለስ ያለው ኢንተርኔት አብዛኛውን ጊዜ የስልኩ ዳታ ነው። የተጫነለት ዊንዶውስ የቆየ ከሆነ ሆትስፖት በከፈተ ቁጥር አፕዴት እየጎተተ ጥቅሉን ይጨርስበታል። ደሴ፣ ኮምቦልቻም ሆነ ወልድያ ጥገና ቤት ላለው ሰው አፕዴቱን ቀድሞ መጫኛ ፍላሹ ውስጥ ማስገባት ያዋጣል። መንገዱ ግን አንድ አይደለም።

ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ፍላሽ አንመክርም። ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ውስጡ ምን እንደተነካ ማረጋገጫ የለውም። ማይክሮሶፍት ለኦሪጅናሉ አይኤስኦ (ሙሉው መጫኛ ያለበት አንድ ፋይል) የሻ-256 ቁጥር፣ ማለትም ፋይሉ አለመነካቱን የሚያሳይ መለያ ያወጣል፣ እሱን ሰርትዩቲል በሚባለው የዊንዶውስ ትዕዛዝ አስልቶ ማመሳከር ይቻላል። ሰው የነካካው ግን የሚመሳከርበት ቁጥር የለውም።

በወር አንድ ሁለት ማሽን ብቻ ለሚጭን አዲሱን አይኤስኦ ከማይክሮሶፍት ገጽ ማውረድ ይበቃዋል። ነጻ ነው። ሆኖም አይኤስኦው በየወሩ ስለማይታደስ ወራት ሲያልፉ እንደገና ብዙ ጊጋ ባይት ማውረድ ግድ ይላል። ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል (የማይክሮሶፍት ፍላሽ ማዘጋጃ) የሚሰጠው ፋይል ኢንስቶል ኢኤስዲ የሚባለው የተጨመቀ ዓይነት ስለሆነ በኋላ አፕዴት ልጨምርበት ቢሉ ወደ ዊም (ዊንዶውሱ ራሱ ያለበት፣ ሊስተካከል የሚችል ፋይል) ሳይቀየር አይከፈትም። ስለዚህ በቀጥታ አይኤስኦውን ያውርዱ።

መጫኛውን ራሱ ለማስተካከል የሚያገለግለው ኤንቲላይት የተባለ ፕሮግራም ሁሉን በመስኮት እየነኩ የሚሠሩበት በመሆኑ ለጀማሪ ቀላል ነው። ነጻው ግን ለግል አገልግሎት ብቻ የተፈቀደ ነው፤ ጥገና ቤት ፈቃድ መግዛት አለበት፣ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ነው። ሌላው ፈተና ክፍሎችን መንቀል ማስቻሉ ነው። «ዊንዶውሱ ይቅለል» ተብሎ ብዙ ከተነቀለ ቀጣዩ ወርሃዊ አፕዴት አልገባም ሊል ይችላል።

በሳምንት ብዙ ማሽን ለሚያስረክብ ምርጫችን ዲዝም ነው፤ መጫኛው ውስጥ አፕዴት የሚያስገባ፣ ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ የሚመጣ፣ ነጻ፣ በትዕዛዝ የሚሠራ። ዊንዶውስ 10 እና 11 አፕዴታቸው ድምር (አዲሱ የቀደሙትን የያዘ) ስለሆነ የድሮውን ሁሉ መሰብሰብ አያስፈልግም፤ ከአፕዴት ካታሎግ (የማይክሮሶፍት የአፕዴት ማውረጃ ገጽ) የመጨረሻውን ድምርና የዶትኔቱን (ብዙ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት የዊንዶውስ ክፍል) ማውረድ ይበቃል። የዊንዶውስ 11 ስሪት የሆነው 24ኤች2 ግን ልዩ ነው፦ የመስከረም 2024 (እ.ኤ.አ.) መነሻ አፕዴት ኬቢ5043080 (ኬቢ የአፕዴት መለያ ቁጥር ነው) ከአዲሱ ጋር በአንድ ፎልደር ካልተቀመጠ ሥራው ይከሽፋል። ትዕዛዙ የሚሰጠው በአዲሱ ላይ ብቻ ነው፤ መነሻውን ዲዝም ራሱ ያነሳዋል።

የአይኤስኦውን ይዘት ኤንቲኤፍኤስ (ትልልቅ ፋይል የሚቀበል የፎርማት ዓይነት) ወደሆነ ድራይቭ ይገልብጡ፤ ወደ 30 ጊጋ ባይት ባዶ ቦታ ይኑር። በቀጥታ ከአይኤስኦው ዊሙን ማውንት ለማድረግ (ለማስተካከል እንደ ፎልደር ለመክፈት) ከተሞከረ ፋይሉ ተነባቢ ብቻ ስለሆነ 0ኤክስሲ1510111 የሚል ስህተት ይመጣል። ከማውንት በኋላ ድምሩ ይገባል፣ ከዚያ ጽዳቱ (የተተኩ የቆዩ ፋይሎችን ማስወገድ)፣ ዶትኔቱ የመጨረሻ። ዶትኔቱ ከቀደመ በእንጥልጥል ያለ ሥራ ስለሚተው ጽዳቱ እምቢ ይላል። ከዚያ ኮሚት አድርጎ (ለውጡን አስቀምጦ) መዝጋት ነው። በዚህ መሃል መብራት ከጠፋ ዊሙ በግማሽ ይቀራል፤ ክሊንአፕ ማውንትፖይንትስ በሚለው ትዕዛዝ አጽድቶ እንደገና መጀመር ግድ ነው። ስለዚህ ባትሪው ደህና በሆነ ላፕቶፕ ላይ ይሥሩ።

ዊሙ ከ4 ጊጋ ባይት ስለሚያልፍ ፋት32 በሚባለው ዓይነት ፎርማት የተደረገ ፍላሽ አይቀበለውም። ወይ በዲዝም 3800 ሜጋ ባይት እያደረጉ መክፈል፣ ወይ ሩፈስ የተባለው የፍላሽ ማዘጋጃ ፕሮግራም ኤንቲኤፍኤስ አድርጎ እንዲያዘጋጀው መተው ነው።

ኮር 2 ዱዎ የተባለ የቆየ ፕሮሰሰር ያለው ማሽን ለያዘ ደንበኛ ግን 24ኤች2 አይጫንም፤ ፕሮሰሰሩ ኤስኤስኢ4.2 የሚባለው የትዕዛዝ ስብስብ ስለሌለው ቡት አያደርግም። ለእሱ የዊንዶውስ 10 የመጨረሻው ስሪት 22ኤች2 ይሻላል፤ መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 2018 ዓ.ም. እንዳበቃ ግን ይነገረው። ዊንዶውስ 7 የግድ ከሆነ መጀመሪያ ኬቢ3020369፣ ቀጥሎ ትልቁ ኬቢ3125574 ነው፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አይገባም።

ለሁሉም 16 ጊጋ ባይት፣ ዩኤስቢ 3 ፍላሽ ይግዙ፤ ነጠላ ዲቪዲ 4.7 ብቻ ስለሚይዝ አይበቃም። ሲገዙ ኤች2ቴስትው በሚባለው ፕሮግራም ሙሉውን ይፈትሹ፤ 64 ተብሎ የሚሸጠው 8 ሆኖ ሲገኝ ፋይሉ የተገለበጠ ይመስልና ጭነቱ መሃል ላይ ይቆማል። ፍላሹን በየሦስት ወሩ ሲያድሱ ባለፈው በተሠራው ዊም ላይ አይደርቡ፤ ከንጹሑ አይኤስኦ ይጀምሩ፣ አለዚያ ፋይሉ እያበጠ ይሄዳል።