ኤክዛክቲሜት ለሪስቶሬሽን ኮንትራክተር፦ የዋጋ ዝርዝሩ ሲመዘን

አሜሪካ ውስጥ ውሃ የገባበትን ወይም እሳት የነካውን ቤት የሚጠግን ኮንትራክተር ኤክዛክቲሜት የሚለውን ስም ከመጀመሪያው ሥራው ጀምሮ ይሰማዋል። የኢንሹራንስ አጃስተሮች፣ ማለትም ጉዳቱን አይተው የጥገናውን ወጪ የሚገምቱት ሰዎች፣ በአብዛኛው ግምታቸውን የሚሠሩት በዚሁ ሶፍትዌር ነው። የሠራው ኤክዛክትዌር የተባለው የዩታ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1986 ተመሥርቶ በ2006 አይኤስኦ በተባለው፣ ዛሬ የቬሪስክ አካል በሆነው ኩባንያ ተገዝቷል። እዚህ የምንመዝነው በተለይ በሶፍትዌሩ ውስጥ ለእያንዳንዱ ሥራ የተቀመጠውን የዋጋ ዝርዝር ነው፤ ሥራ ሞልቶለት ገንዘብ የሚያጥረው ኮንትራክተር ብዙውን ጊዜ ችግሩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

በመለካትና በመዘርዘር ረገድ ሶፍትዌሩ ጎበዝ ነው። ክፍሉን ስትስሉት የወለሉን፣ የግድግዳውንና የጣሪያውን ስፋት ራሱ ያወጣል። የሥራው ዝርዝር በሙያ በሙያ ተከፋፍሎ ስለተቀመጠ፣ አጃስተሩና ኮንትራክተሩ ስለ አንድ ሥራ ሲከራከሩ ቢያንስ ስለ አንድ መስመር እየተነጋገሩ እንደሆነ ያውቃሉ። ለዚህ ብቻ እንኳ ክፍያው አይቆጭም።

ዋጋው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ዝርዝሩ በየወሩ፣ ለየአካባቢው ለብቻው ይወጣል። ኩባንያው ራሱ እንደሚለው ይህ በገበያው ውስጥ የተከፈለውን የሚያሳይ መረጃ ነው፤ ተጠቃሚው እንደ ሥራው ሁኔታ ሊቀይረው ይችላል። አንድ አጃስተር «ከዝርዝሩ በላይ አንከፍልም» ካለ ውሳኔው የኢንሹራንሱ ነው፣ የሶፍትዌሩ አይደለም። ደግሞም ዝርዝሩ የሚያየው ያለፈውን ነው። ከአውሎ ነፋስ በኋላ የሠራተኛና የዕቃ ዋጋ በሳምንት ውስጥ ሲሰቀል እሱ ኋላ ይቀራል።

አንዱን መስመር ከፍታችሁ ብታዩት ውስጡ የጉልበት፣ የዕቃና የመሣሪያ ወጪ ተለይቶ ተቀምጧል። የጉልበቱን ቅልጥፍና የሚወስን ማስተካከያም አለ፤ አንደኛው ለአዲስ ግንባታ፣ ሁለተኛው ለጥገናና ለሪስቶሬሽን (ጉዳት የደረሰበትን ቤት ወደነበረበት ለመመለስ)። ሰው በሚኖርበት ቤት፣ ዕቃ እየሸፈናችሁና እያነሳችሁ ስትሠሩ በአዲስ ግንባታ ፍጥነት መቆጠር ኪሳራ ነው። የመጣላችሁ ግምት በየትኛው እንደተሠራ ሳታዩ ስለ ዶላሩ ክርክር አትጀምሩ።

ብዙ ገንዘብ የሚያመልጠው ደግሞ በሚረሱ መስመሮች ነው። ኤር ሙቨር፣ ማለትም የረጠበውን የሚያደርቀው ትልቅ ማራገቢያ፣ በ24 ሰዓት ይከፈላል፤ ማሽኑን ተክሎ፣ በየቀኑ እርጥበት ለክቶ፣ መጨረሻ ላይ ነቅሎ ለሚወስደው ሰው የሰዓት ክፍያው በሌላ መስመር ነው። እርጥብ ጂፕሰም ቦርድ ቆርጦ በከረጢት ማሰር አንድ ነገር ነው፤ ከረጢቱን ጭኖ መድፋት ሌላ። ጓንት፣ ቱታና ማስክም ለብቻቸው ይገባሉ። የድንገተኛ ጥሪ ክፍያ በሥራ ሰዓትና ከሥራ ሰዓት ውጭ ይለያያል። ሥራው ትንሽ ከሆነ ደግሞ የየሙያው ዝቅተኛ የጉልበት ክፍያ መግባቱን አረጋግጡ።

የማሽን ቁጥር ላይ ክርክር ሲነሳ የሚያግዘው የአይአይሲአርሲ ኤስ500 ነው፤ ይህ ውሃ የገባበት ቤት እንዴት እንደሚደርቅ የሚገልጽ የሙያው ስታንዳርድ ነው። 15 በ12 ፊት (ጫማ) የሆነ፣ ጣሪያው 8 ፊት ከፍታ ያለው ክፍል እንውሰድ፤ ወለሉ ሙሉ በሙሉ ረጥቧል፣ ግድግዳው ግን ከ2 ፊት በታች ብቻ። ለክፍሉ 1 ኤር ሙቨር፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ከ50 እስከ 70 ስኩዌር ፊት የረጠበ ወለል 1 ይጨመራል። 180 ስኩዌር ፊት ስለሆነ በጠቅላላው 4 ወይም 5 ይሆናል። ከአየሩ እርጥበት የሚስበውን ማሽን፣ ዲሂውሚዲፋየሩን፣ ለማወቅ የክፍሉን 1,440 ኪዩቢክ ፊት፣ ክላስ 2 ለሆነ እርጥበት (ስታንዳርዱ ከሚለያቸው አራት ደረጃዎች ሁለተኛው) እና ኤልጂአር ለተባለው የማሽን ዓይነት፣ ለ50 ማካፈል ነው፤ በቀን 29 ፓይንት (አንዱ ግማሽ ሊትር ያህል ነው) ገደማ የመሳብ አቅም ያስፈልጋል። ይህ መነሻ ነው፤ በሁለተኛው ቀን የሚነበበው የእርጥበት መጠን ይቀይረዋል። ስሌቱን ከፎቶ ጋር ያያያዘ ሰው ማሽን አይቆረጥበትም ባንልም፣ መከራከሪያ ግን አለው።

አሁን ወደ ራስ ዋጋ እንምጣ። ዝርዝሩ የማያውቀው የእናንተን ወጪ ነው። ለምሳሌ በሰዓት 25 ዶላር የምትከፍሉት ሠራተኛ አለ እንበል። በዓመት 2,080 ሰዓት ሲከፈለው 52,000 ዶላር ነው። ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የአሠሪው ድርሻ 7.65 በመቶ፣ ማለትም 3,978 ዶላር። የፌዴራል የሥራ አጥ ግብር በተለመደው ቅናሽ 42 ዶላር። የሠራተኛ ጉዳት ኢንሹራንስ፣ የክፍለ ግዛት ግብርና ሌላው ተደምሮ 9,980 ቢሆን ጠቅላላው 66,000 ይደርሳል። ይህ ሰው ግን 2,080ውንም ሰዓት ለደንበኛ አይሠራም፤ ዕረፍት፣ በዓል፣ ሥልጠና፣ መጋዘን ማጽዳትና ሥራ የሌለበት ቀን አለ። ሊከፈልበት የሚችለው 1,500 ሰዓት ከሆነ አንዱ ሰዓት 44 ዶላር ያስወጣችኋል። 25 አይደለም።

የቢሮ ኪራይ፣ መኪና፣ ስልክ፣ የጸሐፊ ደመወዝ፣ ገንዘቡ እስኪገባ የሚከፈል ወለድ ተደምሮ ለእያንዳንዱ የሚከፈልበት ሰዓት 22 ዶላር ቢደርስ ወጪው 66 ነው። ከሽያጩ 10 በመቶ ትርፍ የሚፈልግ ሰው 66ን ለ0.90 ያካፍላል፤ 73.33 ዶላር። በ1.10 ካባዛው 72.60 ያገኛል፣ ትርፉም ከ10 በመቶ በታች ነው።

በሙያው «10 እና 10» የሚባለው፣ ማለትም 10 በመቶ ለኦቨርሄድ (እንደ ቢሮና መኪና ላሉ የድርጅቱ ወጪዎች) እና 10 በመቶ ለትርፍ፣ የቆየ ልማድ ነው። በ100 ላይ 20 ሲጨመር የሚቀረው ከሽያጩ 16.7 በመቶ ብቻ መሆኑ ይረሳል። ከላይ ባለው ምሳሌ በ44 ላይ 10 እና 10 ጨምሮ 52.80 የሚያስከፍል ኮንትራክተር በየሰዓቱ 13.20 ዶላር ከኪሱ እያወጣ ነው። ሥራ በበዛ ቁጥር ኪሳራው ይበዛል፤ እሱ ግን ብዙ ጊዜ ችግሩን የሥራ ማነስ አድርጎ ያየዋል።

ማሽንም እንደዚሁ ነው። 2,400 ዶላር የተገዛ ዲሂውሚዲፋየር 4 ዓመት ቢያገለግል፣ ለፊልተርና ለጥገና በዓመት 300 ዶላር ቢፈልግ፣ በዓመት 100 ቀን ከወጣ የቀን ወጪው 9 ዶላር ነው። 40 ቀን ብቻ ከወጣ 22.50 ይሆናል። ስንት ቀን እንደወጣ የማይመዘግብ ሰው የትኛው ቁጥር የእሱ እንደሆነ ማወቅ አይችልም።

በሶፍትዌሩ ውስጥ ዋጋ መቀየር ቀላል ነው፤ የተቀየረው መስመር ግን በህትመቱ ላይ ኮከብ ምልክት ይወጣበታል፣ አጃስተሩም ያንን ነው ቶሎ የሚያየው። ስለዚህ ኤፍ9 በሚባለው ማስታወሻ ላይ ምክንያቱን ጻፉ፤ «ሦስተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የለም፣ ከመኪና ማቆሚያው 200 ፊት» የሚል አጭር ቃል ከዕቃ አቅራቢው ደረሰኝና ከፎቶ ጋር ይበቃል። «የእኛ ዋጋ ይህ ነው» ብቻ የሚል ማስታወሻ ተቀባይነት ማግኘቱ አጠራጣሪ ነው። ዝርዝሩ በቋሚነት ከአካባቢያችሁ ዋጋ ከራቀ ደግሞ ለኩባንያው የዋጋ አስተያየት መላኪያ መንገድ አለ፤ ብዙ ሰው ያማርራል፣ የሚልከው ጥቂት ነው።

ከሁሉም በፊት ግን የራሳችሁ የዋጋ ሠንጠረዥ ውሉ ላይ ተያይዞ ማሽን ከመግባቱ በፊት መፈረም አለበት። ውሉን የሚፈርመው የቤቱ ባለቤት ነው፣ ኢንሹራንሱ አይደለም። ኢንሹራንሱ ሥራ የሚልክለት፣ በኢንሹራንስ ፕሮግራም ውስጥ የገባ ኮንትራክተር ግን አስቀድሞ በዝርዝሩ ለመሥራት ፈርሞ ሊሆን ስለሚችል ውሉን ያንብብ። ዋጋ የሚወጣውም ለብቻ ነው፤ ከተፎካካሪ ጋር ተስማምቶ መወሰን የንግድ ውድድርን በሚጠብቀው በ1890ው የአሜሪካ የሸርማን ሕግ ክልክል ነው።

ትልቅ የእሳት አደጋና ፍሳሽ የገባበት ቤት ላይ በሰዓትና በዕቃ ማስከፈል ከመስመር ዋጋ ይሻላል፤ ችግሩ የየቀኑ ወረቀት ነው። ማን፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት፣ ምን ሠራ የሚለው በዕለቱ ካልተፈረመ በኋላ አይጠገንም።

በጠቅላላው ለልኬቱና ለጋራ ቋንቋው ኤክዛክቲሜትን ግዙ። የሠራተኛችሁን የሰዓት ወጪ ገና ካላሰላችሁ ግን ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ቀን የደመወዝና የወጪ ደብተራችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ፤ ለዚያ ሥራ ሶፍትዌር አያስፈልግም።