«ለሁሉም ይሆናል» እየተባለ የሚሸጠውን ቼይንሶ ተጠንቀቁ

ቼይንሶ (የሞተር መጋዝ) ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ብሩን ከመቁጠራችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። በተለይ ሻጩ «ይሄ አንዱ ለሁሉም ነው፤ ግንዱንም፣ ቅርንጫፉንም፣ ጣውላውንም ይጨርስልሃል» ካላችሁ ቆም በሉ።

እኔ ትንንሽ ሞተር ነው የምጠግነው። ውሃ መሳቢያ፣ ጄኔሬተር፣ ቼይንሶ። ዝናቡ ቆሞ የባህር ዛፍ ቆረጣ ሲጀመር ጠረጴዛዬ ላይ የሚደረደረው ቼይንሶ አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። ብርቱካንማ ሽፋን፣ ጎኑ ላይ በትልቁ 58 ወይም 62 የሚል ቁጥር፣ ከፊቱ ደግሞ ጦር የሚያህል ባለ 22 ኢንች ባር፣ ማለትም ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት። ሲያዩት ያስፈራል። የሚሸጠውም ማስፈራቱ ነው።

ከቁጥሩ እንጀምር። ሲሲ ነው ይላሉ፤ ሲሲ ማለት ፒስተኑ ወጥቶ ሲወርድ የሚጠርገው የሲሊንደር መጠን ነው። ስቲከሩን ተዉትና ካርቶኑ ውስጥ ያለችውን መመሪያ ግለጡ። የሲሊንደሩ ስፋትና የፒስተኑ ምት በሚሊሜትር ተጽፏል። በዚህ ዓይነቱ ላይ ብዙ ጊዜ የማገኘው 45.2 በ34 ነው። ወደ ሴንቲሜትር ቀይራችሁ ስልካችሁ ላይ አስሉት፦ 4.52 ሲባዛ በ4.52፣ ሲባዛ በ3.4፣ ሲባዛ በ0.785። 54.5 ገደማ ይመጣል። 58 የት ሄደ? 62 የሚል የተለጠፈበትንም ከፍቼ በካሊፐር ለክቼዋለሁ። ያው ሲሊንደር ነው። የተቀየረው ስቲከሩ ብቻ ነው።

ከሦስት እስከ ስምንት ሲሲ ቢጎድል ምን አለበት ትሉ ይሆናል። እሱ ብቻውን ብዙ አይጎዳም። የሚጎዳው በዚያ ላይ ረጅም ባር መገጠሙ ነው። ባር ሲረዝም ሰንሰለቱም ይረዝማል፤ የሚያሽከረክረው ጉልበት፣ የሚያረጥበው ዘይት ይፈልጋል። የርካሹ ቼይንሶ የዘይት ፓምፕ ደግሞ ብዙ ጊዜ እስከ 22 ኢንቹ ጫፍ አይደርስም። መሞከሪያው ቀላል ነው። ሱቁ በር ላይ አስነሱት፣ የባሩን ጫፍ ወደ አንድ ካርቶን አስጠጉና ሳታስነኩ ነዳጅ ስጡት። ካርቶኑ ላይ የዘይት መስመር መታየት አለበት። ምንም ካልታየ ባሩ በደረቁ እየተፋጨ ነው። እንዲህ ያለ ባር ጠርዙ ሰማያዊ ሆኖ፣ ሰንሰለቱ ላልቶ እኔ ዘንድ ይመጣል።

ሻጭ የማይነግራችሁ ሌላ ጉዳይ ደግሞ ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ትጠጋለች። እንዲህ ያለ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ እዚህ ደጋ ላይ ከወረቀቱ ጉልበት ሩብ ያህሉን ገና ሳትነኩት አጥታችሁታል። አየሩ ሲሳሳ ደግሞ ባሕር ዳርቻ ላይ የተስተካከለ ካርቦሬተር ከአየሩ በላይ ቤንዚን ይሰጣል። ይጨሳል፣ ካንዴላው ይረጥባል፣ ሞተሩ ይንተፋተፋል።

አንድ አባት ከሸኖ በላይ ካለ ቀበሌ ይዘውት የመጡት ልክ እንደዚያ የጀመረ ነበር። ሻጩ «አባባ፣ ይሄ እኮ የጀርመን ነው፤ ልጆችዎም ይወርሱታል» ብሎ ነው የሸጠላቸው። መጨስ ሲጀምር የሰፈር ልጅ በካቻቪቴ ካርቦሬተሩን ጠበቅ አደረገላቸው። ወዲያው ጮኸ፣ ጉልበትም አገኘ፤ ደስ አላቸው። ከሰዓት ላይ ቀጥ አለ። ማርሚታውን (የድምፅ ማፈኛውን) ፈትቼ በጭስ መውጫው በኩል በባትሪ ሳየው ፒስተኑ ከላይ እስከ ታች ተቧጭሯል፤ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ከፒስተኑ ጋር ተጣብቋል። ካርቦሬተሩ ሲጠብቅ ቤንዚኑ ያንሳል፤ ቤንዚኑ ሲያንስ ዘይቱም አብሮ ያንሳል፤ ሁለቱም የሚገቡት ተቀላቅለው ነውና። «ልጄ፣ ታዲያ ጀርመን ምን አድርገናቸው ነው?» አሉኝ። ሲሊንደርና ፒስተን መቀየር ደግሞ የማሽኑን ዋጋ ትልቅ ድርሻ ይበላል።

የጀርመን ስለተባለው፦ የጀርመኑን የቼይንሶ ድርጅት የስቲልን ቀለምና ስም የለበሰ ፎርጅድ ገበያው ላይ ሞልቷል። በትክክለኛው ላይ የመለያ ቁጥሩ አካሉ ላይ ተቀርጾ ይገኛል እንጂ በወረቀት ተለጥፎ አይቀርም። ስሙ በአንድ ፊደል የተዛነፈም አለ፤ መነጽር ያላችሁ መነጽራችሁን አድርጉ።

የስቲል 070 የሚባለውን ትልቅ ቼይንሶ ነገር ለብቻው ልንገራችሁ፤ «ለሁሉም» እየተባለ ከሚሸጠው ሁሉ አደገኛው እሱ ነውና። 105 ሲሲ ነው፤ ያለ ባርና ያለ ነዳጅ ወደ 11 ኪሎ ይመዝናል። ንድፉ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። የሰንሰለት ፍሬን የለውም፤ ንዝረት የሚቀንስ ላስቲክም የለውም። ለወፍራም ግንድ፣ ለጣውላ ስንጠቃ፣ ለለመደ ሰው ይሁን። ቅርንጫፍ ልትመለምሉበት ከሆነ ግን ገና ሁለተኛው ዛፍ ላይ ክንዳችሁ ይዝላል። የዛለ ክንድ የባሩን ጫፍ የሆነ ነገር ያስነካል። ጫፉ ሲነካ ባሩ በቅጽበት ወደ ላይና ወደ ራሳችሁ ይወረወራል። ያን ጊዜ የሚያቆመው ፍሬኑ ነው፤ እሱ ደግሞ የለም።

ፍሬን ያላቸውም ቢሆኑ ሞክሩት። ሰንሰለቱ እየዞረ ከፊት እጀታው በላይ ያለችውን መከላከያ በእጅ አንጓችሁ ወደ ፊት ግፏት። ሰንሰለቱ ወዲያው ቀጥ ማለት አለበት። እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ከቆመ ፍሬኑ ለስሙ የተገጠመ ነው። ሻጩ «እሱ ሲሠራ ይስተካከላል» ካላችሁ ውጡ።

እሺ፣ አንድ ብቻ ነው የምገዛው ላላችሁ ሰዎች ምን ይሻላል? አብዛኛው የኛ ሰው የሚቆርጠው አጣና፣ ማገር፣ ቋሚና ማገዶ ነው። ከ30 ሴንቲሜትር የሚወፍረው ጥቂት ነው። ለዚህ ከ45 እስከ 50 ሲሲ፣ ከ40 እስከ 45 ሴንቲሜትር ባር፣ 5 ኪሎ ገደማ ክብደት ይበቃል። የ40 ሴንቲሜትር ባር ከሁለት ወገን ሲገባ 70 ሴንቲሜትር የሚጠጋ ግንድ ይጥላል። ለምሳሌ የስቲል ኤምኤስ 250 በ45.4 ሲሲ 4.6 ኪሎ ነው፤ በዚህ ልክ ያለ የሌላ ድርጅት ሥራም ያው ነው። ያረጀ ጽድ ወይም ወፍራም ወይራ በዓመት አንድ ጊዜ ቢያጋጥማችሁ ትልቅ ማሽን ያለው ባለሙያ ከነማሽኑ ቅጠሩ። ለዚያች አንድ ዛፍ ብላችሁ ዓመቱን ሙሉ 11 ኪሎ አትሸከሙ። ግቢ ውስጥ ጽጌረዳና አጥር ብቻ ለምትከረክሙ ደግሞ 30 ሲሲም ይተርፋችኋል።

ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን ባለ ባትሪ ሚኒ ቼይንሶም ልብ በሉ። 48 ቮልት፣ 88 ቮልት ይላል። ባትሪውን ብትፈቱት ብዙ ጊዜ አምስት ሴል ብቻ በተከታታይ ታገኛላችሁ፤ ሙሉ ሲሆን 21 ቮልት ነው። ለቀጭን ቅርንጫፍ ጥሩ ነው፣ ዋጋውም እንደዚያ ከሆነ።

መለዋወጫውን ከማሽኑ በፊት ጠይቁ። ሻጩ «ሞልቷል» ካለ «እሺ፣ አሁን አውጣልኝ» በሉት። ሰንሰለት፣ የማስነሻ ገመድና ሞላውን፣ ካንዴላ ከመደርደሪያው አውርዶ ያሳያችሁ። ሰንሰለት ሦስት ልክ አለው፦ የጥርሶቹ ርቀት፣ የባሩን ቦይ የሚሞላው ውፍረት፣ በቦዩ ውስጥ የሚሄዱት ጥርሶች ብዛት። አንዱ ከተሳሳተ አይገጥምም። ሦስቱን ወረቀት ላይ አጽፏቸው። የመሳያው ሞረድም ልክ አለው፤ ለ.325 ሰንሰለት 4.8 ሚሊሜትር ክብ ሞረድ ነው። «ማንኛውም ሞረድ ይስለዋል» የሚል ሻጭ ስሎ አያውቅም።

ደረሰኝ ላይ አትደራደሩ። «ያለ ደረሰኝ ልቀንስልህ» የሚባለው ነገር ሲበላሽ የት ገዛኸው ስትባሉ የምታሳዩት እንዳይኖራችሁ ነው። ደረሰኙ ላይ የማሽኑ ዓይነትና መለያ ቁጥሩ ይጻፍ፤ «ቼይንሶ 1» ብቻ ከተጻፈ ነገ ሌላ ማሽን ነው ያመጣኸው ሊሏችሁ ይችላሉ። ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተለጥፎ ካያችሁ፣ ሳትከፍሉ በፊት እዚያው አስነስተው ያሳዩዋችሁ። ማስነሳቱም ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ይሁን። ቀድሞ የሞቀ ማሽን ብዙ ጊዜ በቀላሉ ይነሳል፤ ስትገቡ በእጃችሁ ማርሚታውን ቀረብ ብላችሁ ሙቀቱን እዩ።

ቀድማችሁ የገዛችሁት ካለ አትጣሉት። 22 ኢንቹን ባር አውልቃችሁ የ18 ኢንች ባር ከልኩ ሰንሰለት ጋር ግጠሙበት፤ በአንዴ ይለወጣል። ቅልቅሉን በመመሪያው አድርጉ፤ 25 ለ1 የሚል ከሆነ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ የባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት ነው፣ የመኪና ዘይት አይደለም። የተቃጠለ ዘይት ለሰንሰለቱ አትስጡት፤ ፓምፑን ይዘጋል፣ ቆዳችሁም ላይ ይረጫል። ካርቦሬተሩን የምትቆርጡበት ከፍታ ላይ የሚያውቅ ሰው ያስተካክልላችሁ። ፍሬኑ ካልያዘ ግን እስኪሠራ ድረስ አታስነሱት።